ፖድላሼ፤ ድንበር የሚመላለስባት ምድር

ነሐሴ 12 ማምሻውን፣ እኛ አገር ችቦ ሲለኮስና ልጆች በየደጁ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ፣ በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ ጥድ በሸፈነው አንድ ጉብታ ላይ በሺሕ የሚቆጠር ሰው መስቀል ተሸክሞ ይወጣል። አንዳንዱ መስቀል ከክንድ አይበልጥም፤ አንዲት አሮጊት ደረታቸው ላይ አቅፈውት ይመጣሉ። ሌላው ከሙሉ ግንድ የተጠረበ ስለሆነ ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሸከሙታል። ከሩቅ አጥቢያ በእግራቸው ተነሥተው ቀናት የተጓዙ አሉ። እነዚህ ሲደርሱ መዝሙሩ አስቀድሞ ከጫካው ውስጥ ይሰማል፤ ሰው የሚታየው ቆይቶ ነው።

ጉብታው ግራባርካ ይባላል። የፖላንድ ኦርቶዶክሳውያን ከየትኛውም ስፍራ አስበልጠው የሚያከብሩት ቦታ ነው። በዓሉም ያው ደብረ ታቦር ነው። የእነርሱ ቤተ ክርስቲያን በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለምትሄድ ኦገስት 6 ብላ የምታከብረው ቀን በአዲሱ የአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 19 ላይ ይውላል፤ በእኛ ደግሞ ነሐሴ 13። ገናም እንዲሁ ይገጥማል። ሁለቱም አቆጣጠሮች በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጡ አንድ ቀን ስለሚጨምሩ አብረው ይሄዳሉ። ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን አይገናኙም፤ በዓሉ ግን አንድ ቀን ይውላል።

መስቀሉን ይዞ የደረሰ ሰው ወዲያው አይተክለውም። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል፤ በጉልበቱ እየዳኸ የሚዞር ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ቀድሞ ከተተከሉት አጠገብ ባዶ ቦታ ፈልጎ ያቆመዋል። ጉብታው ላይ ያሉትን መስቀሎች ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። አዲሱ ገና ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ አሮጌው ሽበት አውጥቶ ወደ ጎን አዘንብሏል። ሌሊቱን ሙሉ ጸሎት ነው። ሲነጋ ቅዳሴ ይቀደስና ምእመኑ በቅርጫት ይዞት የመጣው ፖም በጠበል ይባረካል።

ከጉብታው ግርጌ አንዲት ምንጭ ትፈሳለች። በ1710 አካባቢውን ወረርሽኝ በመታው ጊዜ ሸሽተው እዚህ የወጡና ከምንጯ የጠጡ ሰዎች እንደዳኑ ይተረካል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም የታመመ ሰው መሐረቡን በውኃው ነክሮ የሚያመውን ቦታ ይጠርግበታል፤ መሐረቡን ግን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ይዞት የተመለሰ ሰው በሽታውን አብሮ ወደ ቤቱ እንደወሰደ ይቆጠራል።

> መስቀል ይተከላል እንጂ አይነቀልም፤ ያረጀው በራሱ ጊዜ ይወድቃል።

በጁላይ 1990 አንድ ሰው በጉብታው ላይ የነበረውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በሌሊት አቃጠለው። ምእመኑ መልሶ ሠራውና በ1998 ተባረከ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመሠረተው የሴቶች ገዳምም እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

## ስሙን ሳናውቅ የሰማነው ጫካ

ግራባርካ የሚገኝባት ምድር ስም፣ ፖድላሼ፣ ለብዙ የአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነው። ጫካዋ ግን እንግዳ አይደለም። ከ2021 ወዲህ «በቤላሩስ በኩል» ወደ አውሮፓ ሊሻገሩ ስለሚሞክሩ ሰዎች ስንሰማ ኖረናል። ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ የገቡበት፣ ተይዘው የተመለሱበትና ጥቂት የማይባሉት ሕይወታቸውን ያጡበት ዱር ቢያሎቪዬዣ ይባላል። ከሞቱት መካከል የአገራችን ሰው ይገኛል። ዜናው ስለ ጫካው ብርድና ረግረግ ነግሮናል። ከጫካው ጀርባ ያሉት መንደሮች የማን እንደሆኑ፣ በየቤቱ ምን ቋንቋ እንደሚነገር ለመንገር ግን ጊዜ አልነበረውም።

ቢያሎቪዬዣ በአውሮፓ ሜዳማ ምድር ከጥንቱ ዱር የተረፈው ዋነኛ ቁራጭ ነው። የተረፈውም ለተፈጥሮ በማሰብ አልነበረም። የፖላንድና የሊትዌኒያ ነገሥታት፣ ኋላም የሩሲያ ዛሮች፣ ለአደናቸው ሲሉ ገበሬው እንዳይገባበት ከለከሉት። ያድኑት የነበረው ዋናው እንስሳ የአውሮፓ ጎሽ ነው፤ ትከሻው የገነነ፣ ጢማም፣ ግዙፍ አውሬ። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ጥበቃው ፈረሰ። የተራበ ወታደርና አዳኝ ተረባረበበትና በ1919 የጫካው የመጨረሻ ጎሽ ተገደለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከየአገሩ የእንስሳት ማቆያ በተለቀሙ ጥቂት ጎሾች እርባታ ተጀመረ፤ በ1952 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወደ ዱሩ ተለቀቁ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የአውሮፓ ጎሽ በሙሉ የአሥራ ሁለት እንስሳት ዘር ነው።

በጥብቅ ክልሉ ውስጥ የወደቀ ዛፍ አይነሣም። ግንዱ ተጋድሞ ይበሰብሳል፤ እንጉዳዩም ጥንዚዛውም ከበሰበሰው ይኖራል። ይህ ለከተማ ተመራማሪ ሀብት ነው፤ ለአካባቢው ሽማግሌ ግን አንዳንዴ ያስቆጣል። «እንጨት መሬት ላይ እየበሰበሰ እኛ ከሰል እንገዛለን» የሚሉ የመንደር ሰዎች ጥቂት አይደሉም። መንግሥት በዛፍ ተባይ ሰበብ ብዙ ዛፍ ባስቆረጠ ጊዜ ነገሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2018 ቆረጣውን ሕግ የጣሰ ነው አለው።

## በቡግ ወንዝ ወዲህና ወዲያ

የፖድላሼን ታሪክ በነገሥታት ዝርዝር የተረከ ሰው ራሱም ይሰለቻል፣ አንባቢውንም ያሰለቻል። ዋናው ነገር ወንዙ ነው። ቡግና ናሬቭ በሚባሉት ወንዞች መካከልና ዙሪያ የተዘረጋው ይህ አገር ከምዕራብ የፖላንድ፣ ከደቡብና ከምሥራቅ የሩስ፣ ከሰሜን የሊትዌኒያ ሕዝብ እየመጣ የሰፈረበት ነው። የጥንት ዋና ከተማው ድሮሂቺን ነበር። በ1253 የጋሊሺያው መስፍን ዳንኤል፣ የምሥራቁን ሃይማኖት የያዘ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከሮም ጳጳስ መልእክተኛ እጅ የንግሥና ዘውድ የተቀበለው በዚህች ከተማ ነው። ከዚያም አገሩ ከሊትዌኒያ ታላቅ መስፍንነት ጋር ቆየ፤ በ1569 ደግሞ ወደ ፖላንድ ዘውድ ዞረ።

ከምዕራብ የመጡት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ድሀ ባላባቶች ነበሩ። ጋሻና አርማ ያለው፣ በምክር ቤት ድምፅ የሚሰጥ፣ ግን ጭሰኛ የሌለውና መሬቱን ራሱ የሚያርስ ባላባት ነው። መንደሩ በሙሉ አንድ የቤተሰብ ስም የያዘባቸው ቦታዎች እስከ ዛሬ አሉ። ከእነርሱ ምሥራቅ ያሉት ገበሬዎች ግን ኦርቶዶክስ ነበሩና ለእነርሱ ነገሩ የተወሳሰበው በ1596 ነው። ከወንዙ ዳር ብዙ በማትርቀው በብሬስት የተሰበሰቡ ጳጳሳት ሥርዓተ ቅዳሴያቸውን እንደያዙ ለሮም ለመታዘዝ ተስማሙ። ገበሬው ያው ቅዳሴ፣ ያው ካህን፣ ያው ጾም አልተለወጠበትምና ውሎ አድሮ ለመደው።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ፖላንድ በጎረቤቶቿ ተከፋፍላ ከካርታ ጠፋች፤ ቡግም በሩሲያ ግዛትና ዛሩ ለይቶ ይገዛው በነበረው የፖላንድ መንግሥት መካከል ድንበር ሆነ። ከወንዙ ሰሜን የነበሩት በ1839 በዛሩ ትእዛዝ ወደ ኦርቶዶክስ ተመለሱ፤ ልጆቻቸውም በዚያው ጸኑ። ከወንዙ ደቡብ የነበሩት ላይ ግዳጁ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እምቢ አሉ። በጃንዋሪ 1874 ፕራቱሊን በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያናቸውን አናስረክብም ብለው ደጃፉ ላይ የቆሙ አሥራ ሦስት ገበሬዎች በሩሲያ ወታደሮች ጥይት ወደቁ። ዛሩ በ1905 ሃይማኖትን መለወጥ ሲፈቅድ የእነዚያ ወገኖች በብዛት ካቶሊክ ሆኑ። ዛሬ ወንዙን ተሻግሮ የአንድ ዘር ሰዎች ገናን በሁለት ሳምንት ልዩነት ሲያከብሩ ያየ እንግዳ ነገሩ ከጥንት የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የዛር መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው።

## 1915

የፖድላሼን ኦርቶዶክሶች ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከየትኛውም ንጉሥ ይልቅ ስለ አንድ በጋ ቢጠይቅ ይሻላል። በ1915 የጀርመን ጦር ወደ ምሥራቅ ሲገፋ እያፈገፈገ የነበረው የሩሲያ ጦር ለጠላት ምንም እንዳይተው ወሰነ። አዝመራ ተቃጠለ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ወርደው ተጫኑ። ባለሥልጣኑም ካህኑም ሕዝቡን «ጀርመን መጥቶ ያርዳችኋል» እያሉ አስነሡት። ካቶሊኩ ጎረቤት በብዛት ቀረ፤ ኦርቶዶክሱ ግን መንደር ሙሉ ጋሪውን ጭኖ ላሙን ከኋላ አስሮ ወጣ። ከመላው የምዕራብ ሩሲያ ግዛት ሁለት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተነቀለ ይገመታል።

መንገዱ ረጅም ነበር። ኮሌራና ታይፈስ ሕፃናቱን መንገድ ዳር አስቀራቸው። ባቡር ያገኘው ወደ ቮልጋ፣ ወደ ኡራል፣ ወደ ሳይቤሪያና ወደ መካከለኛው እስያ ተበተነ። ባላወቁት አገር ማረስና መማር እንደጀመሩ አብዮቱ ደረሰባቸው፤ ከአብዮቱ ጋርም ረኀቡ። ከ1918 እስከ 1922 ባሉት ዓመታት የተረፉት መመለስ ጀመሩ። ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ሣር፣ ማሳቸው ላይ የበርች ዛፍ በቅሎ አገኙት። በመሬት ጉድጓድ ውስጥ ክረምቱን ያሳለፉ አሉ። አገሩም ሌላ ነበር፤ ትተውት የሄዱት የዛር ሩሲያ ጠፍቶ በቦታው ነጻ ፖላንድ ቆማለች፤ እነርሱንም በጥርጣሬ ዓይን ታያቸዋለች።

የሚገርመው ዝምታው ነው። የአውሮፓን የስደት ታሪክ በሚተርኩ መጻሕፍት ይህ ታላቅ ፍልሰት ስሙ ብዙም አይነሣም ነበር። ፖላንድ ነጻነቷን ስትዘክር፣ ሶቪየቶች አብዮታቸውን ሲዘክሩ፣ የነዚህ ገበሬዎች መከራ ለሁለቱም ትረካ አልመች አለ። የልጅ ልጆቻቸው ፎቶግራፍና ደብዳቤ መሰብሰብ፣ መጽሐፍም መጻፍ የጀመሩት መቶኛ ዓመቱ በቀረበ ጊዜ ነው። «አያቴ ስለ ሳራቶቭ ሐብሐብ ሲያወሩ ተረት ይመስለኝ ነበር» የሚል ጎልማሳ በእነዚህ መንደሮች ማግኘት አይቸግርም።

> ላሙን ከኋላ አስሮ የወጣው ገበሬ ሲመለስ ማሳው ላይ ጫካ በቅሎ አገኘ።

ትሼሽቻንካ፣ ሶጼና ፑህዊ በሚባሉት የናሬቭ መንደሮች የዚያ ዘመን አሻራ ነው የሚባል ጌጥ ይታያል። የእንጨት ቤቶቹ ጠባብ ጎናቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተደርድረዋል። የመስኮቶቹ መዝጊያዎች፣ ክፈፎቹና የጣሪያው ጠርዝ በመጋዝ ተፈልፍለው እንደ ጥልፍ ሆነዋል፤ ነጩ በሰማያዊ ላይ፣ አረንጓዴው በቢጫ ላይ ተቀብቷል። ጥበቡን ከሩሲያ የተመለሱት ስደተኞች እንዳመጡት የሚናገሩ አሉ፤ ከዚያ በፊት በሥራ ፍለጋ የሚዞሩ አናጺዎች አስገብተውታል የሚሉም አሉ። የፑህዊ ቤተ ክርስቲያን ሰማያዊ፣ የትሼሽቻንካው አረንጓዴ ነው። ዛሬ ከዋርሶ የሚመጣ ሰው ቤቶቹን ለበጋ ማረፊያ ይገዛል። ጣሪያው ከመፍረስ ይድናል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጭስ የሚወጣባቸው ጭስ ማውጫዎች ጥቂት ናቸው።

## ጠፍቶ የተገኘ ብራና

ሱፕራሽል ከቢያሊስቶክ ከተማ ብዙ አትርቅም። በ1500 ገደማ መነኮሳት ሰፍረውባት በአራት ማዕዘኗ ግንብ ያላት፣ ግማሽ ቤተ ክርስቲያን ግማሽ ምሽግ የሆነች ሕንፃ ሠሩ። ግድግዳዋን ሰርቢያዊው ሠዓሊ ነክታሪ በ1557 እንደ ባይዛንታይን ወግ ሥሎት ነበር። በ1944 የሚሸሸው የጀርመን ጦር ቤተ ክርስቲያኗን በፈንጂ አፈረሳት። ከሥዕሎቹ የተረፉት ሠላሳ ያህል ቁርጥራጮች ዛሬ በከተማዋ የሥዕለ አድኅኖ ሙዚየም ይታያሉ። ሕንፃው ከ1980ዎቹ ጀምሮ በድሮው መልኩ እንደገና ተነሥቷል። ውጪው የድሮውን ይመስላል፤ ይሁንና ከሥዕሉ የተረፉት አሮጌ ፊቶች በሙዚየሙ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ሲታዩ የበለጠ ይናገራሉ ባይ ነኝ።

ከገዳሙ መጻሕፍት አንዱ ራሱ የተሰደደ ነው። በ1823 አንድ ምሁር ካህን እዚህ ያገኘው ጥንታዊ ብራና በቀድሞ የስላቭ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ጥቂቶች መካከል ይቆጠራል። ቅጠሎቹ ሦስት ቦታ ተከፈሉ፤ ሉብሊያና፣ ሴንት ፒተርስበርግና ዋርሶ። የዋርሶው ክፍል በጦርነቱ ጊዜ ጠፋና አሜሪካ ውስጥ ተገኘ፤ በ1968 ወደ ፖላንድ ተመለሰ። በ2007 ዩኔስኮ ብራናውን በዓለም የሰነድ ቅርስ መዝገቡ አሰፈረው። ሱፕራሽል ግን ከራሷ መጽሐፍ አንድም ቅጠል የላትም።

## በደመወዝ ፈንታ መሬት

ወደ ቤላሩስ ድንበር የሚጠጋ መንገደኛ ክሩሺኒያኒ ሲደርስ ከዛፎቹ መካከል አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ሁለት ማማ ያለው የእንጨት ሕንፃ ያያል። የመንደር ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይመስለዋል። ማማዎቹ ጫፍ ላይ ያለው ግን ጨረቃ ነው። የሠሩት አናጺዎች የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን መሥራት ስለነበር መስጊዱንም በሚያውቁት ሠሩት። ውስጡ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ የቁርኣን ጥቅስ በፍሬም ተሰቅሏል፤ ሴቶቹ ለብቻቸው ክፍል አላቸው።

ታታሮቹ ለሊትዌኒያና ለፖላንድ ነገሥታት በፈረሰኛነት ያገለገሉ ሙስሊሞች ናቸው። በ1679 ንጉሥ ያን ሳልሳዊ ሶቢዬስኪ ሊከፍላቸው የሚገባው ደመወዝ ተጠራቅሞበት ገንዘብ አጣ፤ በክሩሺኒያኒ፣ በቦሆኒኪና በአካባቢያቸው መሬት ሰጣቸው። ቋንቋቸውን አስቀድመው ረስተዋል፤ የጸሎት መጻሕፍታቸውን ግን በአካባቢው የስላቭ ቋንቋ በዓረብኛ ፊደል ጽፈው አቆይተዋል። በመቃብር ስፍራቸው ድንጋዩ አናት ላይ የዓረብኛ ጸሎት፣ ከሥሩ የፖላንድኛ ወይም የሩሲያኛ ጽሑፍ፣ አንዳንዱ ላይም የዛር ጦር መኮንን ማዕረግ ይነበባል። በምድጃቸው የሚጋገረው ፔሬካቼቭኒክ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ በቅቤ ተቀብቶ ንብርብር ሆኖ፣ በሥጋ ወይም በአይብ ተሞልቶ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠቀለል ነው። እናት ለልጇ ሊጥ ማሳሳትን ማስተማር ያልቻለችበት ቤት አዘገጃጀቱ ጠፍቷል።

## ብሮሹሩ የማይለው

የክልሉ የቱሪዝም ብሮሹር አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል፦ እዚህ ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና አይሁድ ተከባብረው ኖሩ። ውሸት አይደለም። ግን ከአራቱ አንዱ ሕዝብ የለም፤ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ምኵራቡ ብቻ ነው።

ቲኮቺን ውስጥ በ1642 የተሠራው ምኵራብ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በቀለም በተጻፈ ጸሎት ተሸፍኗል፤ ምእመኑ መጽሐፍ ባይኖረው ከግድግዳው ያነብ ነበር። አይሁዶቹ በከተማዋ ከ1522 ጀምሮ ኖረዋል። በኦገስት 1941 ጀርመኖች የከተማዋን አይሁድ ገበያው ላይ ሰበሰቡና በአቅራቢያው ባለው የዎፑሆቮ ጫካ በሁለት ቀን ውስጥ ረሸኗቸው። ምኵራቡ መጋዘን ሆኖ ቆየ፤ አሁን ሙዚየም ነው። ቢያሊስቶክ ውስጥ ደግሞ በዚያው ዓመት ጁን 27 ጀርመኖች በታላቁ ምኵራብ ሰዎችን አጭቀው እሳት ለቀቁባቸው። ከተማዋ በ1859 ሉድቪክ ዛመንሆፍ የተወለደባት ናት። አይሁዱ፣ ፖላንዳዊው፣ ሩሲያዊውና ጀርመናዊው በገበያ ሲጣሉ እያየ ያደገው ልጅ ሁሉንም ያግባባል ያለውን ኤስፔራንቶን በ1887 አሳተመ። ሐውልቱ ከተማዋ መሐል ቆሟል።

ይህ ሁሉ በጀርመን እጅ የተፈጸመ ነው ብሎ መጨረስ ደስ ይል ነበር። በዛሬው የፖድላሼ ክፍለ ግዛት ባለችው በዬድቫብኔ ግን በጁላይ 10፣ 1941 አይሁዶቹን ጎተራ ውስጥ ያቃጠሏቸው የገዛ ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ፖላንድ ይህን ፊት ለፊት መነጋገር የጀመረችው በ2000 የታሪክ ጸሐፊው የያን ግሮስ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ በ2001 በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። በ1946 ክረምት ደግሞ ኮሚኒስቶችን የሚዋጋ አንድ የፖላንድ ሽምቅ ጦር ዛሌሻኒንና ሌሎች የኦርቶዶክስ መንደሮችን አቃጥሎ ሰባ ዘጠኝ ሰው ገደለ። ለአንዱ ወገን አዛዡ የነጻነት አርበኛ ነው፤ በሃይኑፍካ ከተማ ስሙን እያነሡ ሰልፍ የወጡለት አሉ። ለሟቾቹ ልጆች የሰልፉ ከበሮ በመስኮታቸው ሥር የሚያልፍ ነው።

> ከአራቱ አንዱ ሕዝብ የለም፤ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ምኵራቡ ብቻ ነው።

## በሹክሹክታ

ከቢዬልስክ ከተማ ወጣ ባሉት መንደሮች ሰኞም ሆነ ቅዳሜ ደጃፋቸው ላይ የሩቅ ከተማ ታርጋ ያለው መኪና የማይጠፋባቸው ቤቶች አሉ። የቤቷ ባለቤት አሮጊት፣ ኦርቶዶክስና ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው። እንግዳውን በሥዕለ ማርያም ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ጭንቅላቱን በተልባ ጨርቅ ይሸፍኑና ጸሎቱን በሹክሹክታ ይደግማሉ። ከዚያ ከተልባ ጭረት የተድበለበሉ ትንንሽ ኳሶችን ከጭንቅላቱ በላይ ለኩሰው ያነድዳሉ፤ ነበልባሉ ሽቅብ ሲበር ድንጋጤው ወይም ዓይነ ጥላው አብሮ ሄደ ማለት ነው። የተጸለየበት ዳቦና ጨው አስይዘው ይሸኙታል። ዋጋ አይጠይቁም፤ እንግዳው ጠረጴዛው ላይ የተወው አይመለስም። ጸሎቱ ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ካልተፈለገ አብሮ ይቀበራል።

ካህናቱ በነገሩ አንድ አይደሉም። አንዳንዱ «የሚሉት አቡነ ዘበሰማያትንና የማርያምን ጸሎት ነው፤ ምን ክፋት አለው?» ይላል፤ ሌላው ከመድረኩ ያወግዛል። ካቶሊኩም ይመጣል፣ የዋርሶው ሐኪምም ሚስቱን ይዞ ይመጣል።

በእነዚህ ቤቶች የሚነገረው ቋንቋ ቤላሩስኛም ነው፣ ዩክሬንኛም ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት በየትኛው እንደሚመድቡት ይከራከራሉ። ተናጋሪዎቹ «የራሳችን» ብለው ያልፉታል። ለረጅም ጊዜ የቤትና የማሳ ቋንቋ ብቻ ነበር፤ እንግዳ ወደ ሱቅ ሲገባ ወሬው መሐል ላይ ወደ ፖላንድኛ ይዞር ነበር። በኮሚኒስቱ ዘመን ወጣቱ ወደ ቢያሊስቶክ ፋብሪካዎች ሲጎርፍ አነጋገሩ የገጠሬ ምልክት ሆኖበት ደበቀው። ዛሬ በቋንቋው መድረክ ላይ የሚዘፍኑት የከተማ ልጆች ከአያታቸው የተማሩት ናቸው፤ ወላጆቻቸው ያውቁታል ግን አላስተማሯቸውም።

ያኑፍ በምትባል መንደር ያሉት ሸማኔዎች ግን የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። ሴቶቹ ሁለት ድር በአንድ ጊዜ ይወጥራሉ፤ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ ሱፍ። ማጉ ሲወረወር ሁለት ጨርቅ እኩል ይሸመናል፤ ንድፉ በሚዞርበት መስመር ላይ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ጨርቁ ሲወርድ በአንዱ ፊት ነጭ የነበረው ዛፍ በሌላው ፊት ጥቁር ነው። ፍየል፣ አውራ ዶሮ፣ የሠርግ ጋሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይሸመንበታል። በ1930ዎቹ የፋብሪካ ክርና ቀለም ጥበቡን ሊያጠፋው ሲል ከዋርሶ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጣችው ኤሌኦኖራ ፕሉቲንስካ ሴቶቹ በእጅ ወደ ፈተሉት ሱፍና ወደ ቅጠላ ቅጠል ቀለም እንዲመለሱ ገፋፋች። አንዱን ትልቅ ሥራ ለመጨረስ ወራት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚገዛው በአብዛኛው ሙዚየም ነው።

## አጥሩ

በሴፕቴምበር 2021 መንግሥት የድንበሩን መንደሮች ለጋዜጠኛና ለረድኤት ሠራተኛ ዘጋ። በዚያው መኸር በአንዳንድ ቤቶች መስኮት ላይ ሌሊት አረንጓዴ መብራት ይታይ ጀመር፤ «እዚህ ምግብና ሙቀት አለ፣ አሳልፈንም አንሰጥህም» የሚል ምልክት ነበር። በ2022 አጋማሽ 5.5 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት አጥር 186 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ አለቀ፤ የሚያቋርጠው ያንኑ የነገሥታቱን ዱር ነው። ጎሹም፣ ሊንክሱም ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ቀረ። በ2024 አንድ የፖላንድ ወታደር በአጥሩ በኩል በጩቤ ተወግቶ ሞተ፤ የተከለለው ቀጣናም ተመለሰ።

በቦሆኒኪ የታታሮች መቃብር ጫፍ ላይ ከ2021 ወዲህ አዳዲስ መቃብሮች ተቆፍረዋል። ሶርያዊ ወጣት አለ፤ ሳይወለድ በእናቱ ማሕፀን የሞተ ሕፃንም አለ። ያው የታታር ማኅበረሰብ በብርዱ ወራት ድንበር ለሚጠብቁት ወታደሮች ሾርባ ሲያበስል ከርሟል። ይህን የሚያምታታ አድርገው የሚያዩት ከሩቅ የመጡ ጠያቂዎች ናቸው፤ በመንደሩ ወታደሩም የሰው ልጅ ነው፣ ሟቹም ሙስሊም ነው።

የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሰዎች ቱሪስቱ በመቅረቱ አጥሩንም ስደተኛውንም ጋዜጠኛውንም እኩል ይረግማሉ። የደን ጠባቂው ዝም ማለት ይመርጣል። በኦርቶዶክሱ ቤት ግን ክርክሩ ሳይወድ ወደ 1915 ይመለሳል። ወደ ጫካው ሾርባና ካልሲ የሚያደርሱት «አያታችን መንገድ ላይ ዳቦ የሰጣት ሰው ባይኖር ኖሮ እኛም አንኖርም ነበር» ይላሉ። ሌሎቹ «አያታችን በጦር ተገድዳ ነው የወጣች፤ እነዚህን የቤላሩስ መንግሥት በአውሮፕላን አምጥቶ ለቀቀብን» ብለው ይመልሳሉ። ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት የአንዲት አያት የልጅ ልጆች ናቸው።